የበቅሎ መንገድ ወይስ የባቡር መንገድ? ከዋሽንግተን ተነስቶ በወንዝ ዳር ብስክሌት ለመንዳት የትኛው ይሻላል

ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የሚኖር ሰው ሦስት አራት ቀን ፈቃድ አግኝቶ፣ መኪና ሳያሳቅቀው በጫካና በወንዝ ዳር ብስክሌት ልንዳ ቢል ሁለት ጥሩ ምርጫ አለው። አንደኛው ከጆርጅታውን ተነስቶ የፖቶማክን ወንዝ እየተከተለ እስከ ከምበርላንድ፣ ሜሪላንድ የሚዘልቀው የሲ ኤንድ ኦ የድሮ ጀልባ ቦይ ዳር መንገድ ነው፤ 184.5 ማይል። ሁለተኛው ከዚያው ከከምበርላንድ ጀምሮ ተራራውን ተሻግሮ ፒትስበርግ የሚገባው ግሬት አሌጌኒ ፓሴጅ ነው፤ 150 ማይል፣ ባጭሩ «ጋፕ» ይሉታል። ሁለቱንም በአንድ ጉዞ የሚጨርሱ ሰዎች አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጣ ሰው ግን ይህን ባያስበው ደስ ይለኛል።

የጠየቀኝ ሰው ሁሉ ርቀትና ፎቶ እያነጻጸረ ነው የሚመጣው። እኔ ሁለቱንም ከነዳሁ በኋላ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ መንገዱ መጀመሪያ የተሠራው ለማን ነበር? አንዱ ለበቅሎ፣ ሌላው ለባቡር ነው የተሠራው። ጭቃውም፣ ዳገቱም፣ አዳሩም፣ የምትገዙት ጎማም ከዚህ ይመጣል።

በቅሎዎቹ ያለፉበት

የቦዩ ቁፋሮ የተጀመረው እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1828 ነው፤ መጀመሪያ አካፋ የጨበጡት ፕሬዚዳንቱ ጆን ኩዊንሲ አዳምስ ነበሩ። በዚያኑ ዕለት ባልቲሞር ላይ የባቡር ሐዲድ ሥራ ተጀመረ። ባቡሩ በ1842 ከምበርላንድ ገባ፣ ቦዩ በ1850። ቦዩ ገና ሳያልቅ ተሸንፏል ማለት ነው። ያም ሆኖ ከሰል የጫኑ ጀልባዎች እስከ 1924ቱ ጎርፍ ድረስ ተመላልሰውበታል። ጀልባዎቹን በገመድ የሚጎትቱት በቦዩ ዳር የሚሄዱ በቅሎዎች ነበሩ። ዛሬ የምንነዳው በእነሱ መንገድ ላይ ነው።

ጭነት ለምትጎትት በቅሎ መንገዱ ለጥ ማለት አለበት። ከጆርጅታውን እስከ ከምበርላንድ ያለው የከፍታ ልዩነት 605 ጫማ ብቻ ነው፤ እሱም በ74 ሎኮች፣ ማለትም ጀልባውን በውኃ ከፍና ዝቅ በሚያደርጉ የድንጋይ ሣጥኖች፣ ተከፋፍሏል። ስለዚህ እግራችሁ የሚያውቀው ዳገት ሎክ በደረሳችሁ ቁጥር የምትመጣዋን አጭር ጉብታ ብቻ ነው።

ችግሩ መንገዱ የተኛው የወንዝ ዳር ደለል ላይ መሆኑ ነው። ዛፉ ከላይ ስለተጋጠመበት ፀሐይ አያገኘውም፤ ዝናብ በጣለ በሦስተኛው ቀን እንኳ ውኃ አቁሮ ይጠብቃችኋል። ቦዩን የሚያስተዳድረው ብሔራዊ ፓርክ ብዙ ቦታ በደቃቅ ጠጠር አድሶታል፤ የታደሰውና ያልታደሰው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። እኔና ታላቅ ወንድሜ ከሃንኮክ ወደ ላይ ስንሄድ ያልታደሰው ደረሰን። ጎማዬ ቀጭን ነበር። ጭቃው ፍሬኑ ውስጥ ገብቶ ተሽከርካሪው አልዞር ሲል ወንድሜ ቆሞ፣ «አንተ፣ መንገድ ብለህ ያመጣኸኝ የጤፍ ማሳ ነው እንዴ?» አለኝ። ብስክሌቱን ሳይሆን እኛን ነው የምንገፋው የመሰለን። ኋላ እንደሰማነው በዚያ አካባቢ ከቦዩ ጎን ለጎን የሚሄድ፣ ዌስተርን ሜሪላንድ ሬል ትሬል የሚባል 28 ማይል ያህል አስፋልት የለበሰ የብስክሌት መንገድ አለ። በሃንኮክ በኩል አልፎ እስከ ሊትል ኦርሊንስ ይደርሳል። ዝናብ ከነበረ ሳታመነቱ ወደ እሱ ዙሩ።

ባቡር ያለፈበት

ጋፕ የተሠራው ሥራ ባቆሙ የባቡር መስመሮች ላይ ነው፤ ሙሉ በሙሉ የተጠናቀቀው በ2013 ነው። ባቡር ደለል ላይ አይቆምም፤ ከሐዲዱ ሥር ውኃ የሚያሳልፍ ጠጠር ተደልድሎለታል። ሐዲዱ ተነስቶ በላዩ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ሲለብስ፣ ማታ ዘንቦ ጠዋት የሚነዱበት መንገድ ሆነ። ለዕረፍት ቀኑን መምረጥ ለማይችል ሠራተኛ ይህ አንድ ነገር ብቻ ብዙ ብር ያወጣል።

በምላሹ ዳገት አለው። ከከምበርላንድ ስትወጡ ለ24 ማይል ያህል ሳታቋርጡ ትወጣላችሁ፤ መጨረሻው 2,392 ጫማ ላይ ያለው የውኃ መለያ ነው። እዚያ ላይ የሚወርድ ዝናብ ግማሹ ወደ አትላንቲክ፣ ግማሹ በሚሲሲፒ በኩል ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ይሄዳል። ነገር ግን ባቡር ቀጥ ያለ ዳገት ስለማይወጣ ዝንባሌው 2 በመቶ አይሞላም። እንጦጦን በእግሩ የወጣ ሰው ይስቅበታል፤ የሚያሰለቸው ርዝመቱ ነው። እሱንም ለማይፈልግ ከከምበርላንድ እስከ ፍሮስትበርግ በዚያው ሸለቆ የሚወጣ የጎብኚዎች ባቡር አለ፤ ብስክሌት ይጭናል፣ የሚሠራባቸውን ቀናት ግን አስቀድማችሁ እዩ። ከመለያው በኋላ እስከ ፒትስበርግ መንገዱ በጠቅላላው ቁልቁል ነው።

ሁለቱም የሚያስደንቅ ቱነል አላቸው። የቦዩ ፓው ፓው ቱነል 3,118 ጫማ ነው። የወንዙን ጥምዝምዝ ለመቁረጥ በ1836 ጀምረውት፣ ከስድስት ሚሊዮን በላይ ጡብ ፈጅቶ በ1850 አለቀ። ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ ነው፤ መብራት ይዛችሁ፣ ብስክሌቱን እየገፋችሁ፣ የእንጨቱን መደገፊያ ተከትላችሁ ትሻገራላችሁ። ጋፕ ላይ ያለው ቢግ ሳቬጅ 3,294 ጫማ ነው፣ መብራት አለው፣ እየነዱ ያልፉታል። ግን በብርዱ ወራት ይዘጋል፤ አማራጭ መንገዱ ደግሞ መኪና ያለበት ተራራ ነው። ከሚያዝያ በፊት ጋፕን አታስቡ፤ ወሩ ሲጋመስ ይሻላል።

ውበቱን ካነሳን፣ ዮካጌኒ ወንዝ ላይ ከኮንፍሉዌንስ እስከ ኦሃዮፓይል ያለውን 11 ማይል የሚያህል በሁለቱ መንገዶች ላይ አላየሁም። ወንዙ ከታች ድንጋይ እየሰበረ ይወርዳል፣ እናንተ በጫካው ጥላ ከላይ ትነዳላችሁ፣ ኦሃዮፓይል ስትደርሱ ፏፏቴው መንደሩ መካከል ነው። ልጆች ያሏችሁ ሰዎች መኪና አቁማችሁ ይህንን ብቻ ብትነዱ አይቆጫችሁም። ታሪክ የሚወድ ሰው ደግሞ ቦዩን ይምረጥ፦ ሰባት ቅስት ያለው የሞኖከሲ የውኃ ድልድይ፣ ወንዙን ተሻግሮ ሃርፐርስ ፌሪ፣ ባዶአቸውን የቆሙ የሎክ ጠባቂ ቤቶች። በመስከረም መጀመሪያ፣ እንቁጣጣሽ አካባቢ ከሄዳችሁ፣ ፓው ፓው የሚባለው ፍሬ በመንገዱ ዳር ይበስላል። ከኛ ፓፓያ ጋር ስም እንጂ ዝምድና የለውም፤ ጣዕሙ ሙዝና ማንጎ የተደባለቀ ይመስላል።

አዳርና ምግብ

ቦዩ ላይ በየጥቂት ማይሉ ለእግረኛና ለብስክሌተኛ የተዘጋጀ የድንኳን ቦታ አለ፦ ጠረጴዛ፣ የእሳት ቦታ፣ ሽንት ቤት፣ በእጅ የሚቀዳ የውኃ ፓምፕ። ለብዙ ዓመት ያለ ክፍያና ያለ ቀጠሮ፣ ቀድሞ የደረሰ የሚያድርባቸው ነበሩ፤ በአንድ ቦታ አንድ ሌሊት። የአሁኑን ደንብ ከመውጣታችሁ በፊት እዩ። ውኃው በአዮዲን ስለሚታከም ጣዕሙ ለሻይ አይመከርም። በብርዱ ወራት ፓምፑ ይታሸጋል። ድንኳን ለማይወድ ከሎክ ጠባቂዎቹ ቤቶች አንዳንዶቹ ይከራያሉ፤ ቶሎ ነው የሚያዙት። በላይኛው የቦዩ ክፍል መንደሮቹ ስለሚራራቁ ምሳ ይዛችሁ ውጡ፤ ስልክም ብዙ ቦታ አይሠራም።

ጋፕ ላይ እስከ ኮኔልስቪል ድረስ ከ11 እስከ 18 ማይል ባለው ርቀት አንድ ከተማ አይጠፋም፦ ፍሮስትበርግ፣ ማየርስዴል፣ ሮክውድ፣ ኮንፍሉዌንስ፣ ኦሃዮፓይል። አልጋ፣ ሻወርና ትኩስ ምግብ አለ፤ ብሩ የሚያልቀውም እዚያ ነው። ቦዩ በብር ርካሽ፣ በድካም ውድ ነው፤ ጋፕ የዚህ ተቃራኒ። ሻንጣ የሚያጓጉዝላችሁና ሆቴል የሚይዝላችሁ ጥቅል ጉዞ ጋፕ ላይ መግዛት ለእኔ አላስፈላጊ ወጪ ነው፤ ከተሞቹ መንገዱ ላይ ናቸውና። ቦዩ ላይ ግን ድንኳን ካልያዛችሁ ዋጋ አለው።

ጾመኛ ከሆናችሁ በተለይ በፍልሰታ፣ የሁለቱም መንገድ ምግብ ቤቶች በርገርና አይብ ነው የሚያውቁት። እኛ በሶና ቆሎ ይዘን ነበር። በሶ በፕላስቲክ ጠርሙስ በጥብጦ፣ ጨው ጣል አድርጎ መጠጣት የብስክሌት ሱቅ ከሚሸጠው ጣፋጭ ሁሉ ይበልጣል፤ ይህን ስል ሱቆቹ እንዳይሰሙኝ። መዥገርና ፖይዝን አይቪ የሚባል ቆዳ የሚያሳክክ ተክል ሁለቱም መንገድ ላይ አሉ፤ ሦስት ሦስት ቅጠል ያለውን ተክል አትንኩ፣ ማታ እግራችሁን ፈትሹ።

ምን ልግዛ?

አዲስ ብስክሌት አትግዙ። ለጋፕ 35 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ ይበቃል፤ ለቦዩ ከ40 ቢጀምር ይሻላል፣ የጎማ ጥርሱም ጎላ ይበል። ብስክሌታችሁ ይህን የሚያህል ጎማ የማያስገባ ከሆነ ምርጫው ተወሰነ፣ ጋፕ ነው። ጭቃ መከላከያ፣ የኋላ መጫኛ፣ ሁለት የጎን ቦርሳ፣ ሁለት ትርፍ ካላማዳሪያ፣ መንፊያ፣ የፊት መብራት። ከዚህ በላይ ያለው ለሻጩ ነው የሚጠቅመው።

የእኔ ምርጫ እንዲህ ነው። አንድ ቀን ብቻ ያለው ከጆርጅታውን እስከ ግሬት ፎልስ 14 ማይል ሄዶ ይመለስ። ሁለት ቀን ያለውና ሰማዩ የጠራለት፣ ከጆርጅታውን እስከ ሃርፐርስ ፌሪ ወደ 61 ማይል ነድቶ መካከል ላይ ድንኳን ይትከል፤ ወደ ከተማው ለመሻገር ብስክሌት ተሸክሞ የሚወጡት ደረጃ አለ፣ ጭነታችሁን ቀንሱ። ሦስት ቀን ያለው ግን ጋፕን ይምረጥ፦ በባቡር ከምበርላንድ፣ ከዚያ 89 ማይል ያህል እስከ ኮኔልስቪል፣ ከኮኔልስቪል በማለዳው ባቡር ወደ ዋሽንግተን።

የመንገደኞች ባቡር ድርጅቱ አምትራክ በዚህ መስመር በቀን በየአቅጣጫው አንድ ባቡር ብቻ ነው ያለው፣ ብስክሌት የሚጭንበት ቦታም ጥቂት ነው፤ ከሰው ቲኬት ጋር አብሮ በስም መያዝ አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ የብስክሌቱን ቦታ ያዙ፤ ሆቴሉ ቢታጣ ሌላ ይገኛል።