ሶፋና የድሮ ቡፌ ማሳደስ ለምትፈልጉ፣ እኚህን አናጢ ሳታናግሩ አዲስ ዕቃ እንዳትገዙ

ሰላም ለሁላቹም። ጋሼን በአደባባይ ሳላመሰግን ከቀረሁ ህሊናዬ አያርፍም። ስማቸውን እንዳልጽፍ "እኔ መወራት አልወድም" ስላሉኝ ጋሼ እያልኩ ልቀጥል። አናጢ ናቸው፣ ሶፋም ያለብሳሉ፣ ዕድሜያቸው ከስልሳ ሳያልፍ አይቀርም፣ እጃቸው ግን፣ ኧረ እጃቸው ይባረክ!

የ20/80 ኮንዶሚኒየም ደርሷቹ የገባቹ ታውቁታላቹ፣ ቁልፍ ሲሰጧቹ ወለሉ ሲሚንቶ ግድግዳው ሻካራ ነው፣ የባንኩ ዕዳ ደግሞ በየወሩ ይጠብቃል። ሴራሚኩንም ቀለሙንም እንደምንም ተበድረን ጨርሰን ለሳሎኑ የቀረችን ብር ሶፋ አትገዛም። እኔ ደግሞ ፀጉር ቤት ቁጭ ብዬ ከአንድ መጽሔት ላይ በስልኬ ያነሳሁት ሳሎን አለ፣ ነጭ ግድግዳ፣ እስከ ወለል የሚወርድ ክሬም መጋረጃ፣ ዝቅ ያለ ሶፋ፣ የእንጨት ቡፌ፣ ከላይ የቀርከሃ መብራት። ባለቤቴ "ዛሬም ያችን ቤት እያየሽ ነው?" እያለ ይስቅብኝ ነበር።

ከጋሼ በፊት ያየነውን ግን ጠላቴም አይየው። "ዲኮር እንሰራለን" የሚል ልጅ መጣ፣ ፎቶውን ገና በደንብ ሳያይ ጅብሰም ካልገባ ቤቱ አያምርም አለ፣ ቀብድ ተቀበለ፣ ጣሪያው ላይ የሆነ ነገር ገጣጠመና ሰማያዊ መብራት ዘረጋበት፣ ግማሹ ይበራል ግማሹ አይበራም። ስንደውል መንገድ ላይ ነኝ፣ ከዛ ለቅሶ ላይ ነኝ፣ ከዛ ስልኩ ጭራሽ ዝግ። ፎቶው ላይ እኮ ሰማያዊ የሚባል ነገር የለም! ሌላው ደግሞ ኤምዲኤፍ ነው ብሎ የቲቪ ማስቀመጫ ሰራልን፣ ወለል ስወለውል ውሃ ትንሽ ነካውና ከስሩ አብጦ ተፈረካከሰ፣ ሄጄ ሳሳየው "አያያዝሽ ነው" አለኝ። አንድ ትልቅ ፈርኒቸር ቤት ገብቼም ፎቶውን ሳሳያት ሻጯ መጀመሪያ ያየችው ጫማዬን ነው። ዋጋውን ስትነግረኝ እንኳን ቀና አላለችም። ይሄን እስካሁን አልረሳሁትም፣ ከተበላሁት ብር ይልቅ ያቺ አስተያየት ናት ያንገበገበችኝ።

ጋሼን የጠቆመችኝ የብሎካችን ዕቁብ ሰብሳቢ ናት። አራተኛ ፎቅ ድረስ የዕቃ ቦርሳቸውን ተሸክመው ወጡ፣ ውሃ ጠጡ፣ መነጽራቸውን አድርገው ፎቶውን ረዘም ላለ ጊዜ አዩት። እኔ ዋጋ ሊጠሩብኝ ነው ብዬ ልቤ እየመታ ነው። "እስቲ እዚህ ፎቶ ላይ ያለውን ዕቃ ቁጠሪልኝ" አሉኝ። ቆጠርኩ፣ ከነአበባው 9። "በይ አሁን ደግሞ ያንቺን ሳሎን ቁጠሪ።" ኧረ ምን ልቁጠር! የላስቲክ አበባው፣ ሦስት ትንንሽ ጠረጴዛ፣ የዳንቴል ልብሱ፣ ሰዓቱ፣ የሠርግ ስጦታው ሁሉ ከነካርቶኑ፣ እሳቸው ዝም ብለው ይሰሙኛል፣ እኔ ራሴ በሳቅ አቋረጥኩት። "እነዚህን አውጪና ደውይልኝ፣ ከዛ ስለ ስራ እናወራለን" ብለው ሄዱ። ቀብድ የለ፣ የትራንስፖርት እንኳን አልቀበልም አሉ።

ተመልሰው ሲመጡ ሰገነት ላይ በላስቲክ የተሸፈነ ነገር አይተው ገለጡት። የእናቴ ቡፌ ነው። ጥቁር ቫርኒሽ ተደራርቦበት አይን የሚያስጠላ፣ ለቆራሌው ልሰጠው በዋጋ እየተጨቃጨቅን ነበር። ጋሼ ጎንበስ ብለው ከስሩ በቢላ ጫፍ ትንሽ ፋቅ አደረጉት፣ ወርቃማ ቡኒ እንጨት ወጣ። "አንቺ ልጅ፣ ዋንዛ እኮ ነው! ዛሬ በስንት ትገዢዋለሽ ይሄን?" ተቆጡኝ በእውነት።

ያን ቡፌ እማዬ በደርግ ጊዜ ዕቁብ ሲደርሳት ነው ያሰራችው። ልጆች ሆነን መስታወቱን መንካት ክልክል ነበር፣ ለፋሲካ ብቻ የሚወጡ ሲኒዎች ነበሩበት፣ አንዱን ታናሽ ወንድሜ ሰብሮት ሰፈሩ ሁሉ ነው ያለቀሰለት። ከሞተች በኋላ ማንም አልወሰድም ሲል ነው እኔ ጋ የመጣው።

ጋሼ በምን እንዳለቀለቁት አልገባኝም፣ ነጭ ነገር ቀቡት፣ ጠበቁ፣ ቫርኒሹ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተነሳ፣ ከዛ በብርጭቆ ወረቀት ቀኑን ሙሉ። ሲያስረክቡኝ የቡፌውን በር ከፈቱና "ይቺን አልነካኋትም" አሉኝ። እማዬ ከውስጥ በኩል የለጠፈቻት የእመቤታችን ሥዕል ናት። ዙሪያዋን እየዞሩ ፍቀው እሷን ከነ ጥቁሯ ቫርኒሽ፣ መዳፍ የምታክል፣ ትተዋታል። "እናትሽ የለጠፉትን እኔ አልልጥም።" እኔ እዛው ቆሜ አለቀስኩ፣ እሳቸው ደግሞ አላየሁም ብለው ማጠፊያውን ዘይት መቀባት ጀመሩ።

ሶፋውም የድሮው ነው። እግሩን ቆርጠው ዝቅ አደረጉት፣ ስፖንጁን ቀየሩ፣ አቡጀዲ አለበሱት። አቡጀዲውን መጀመሪያ አሳጠቡኝ፣ ሳይታጠብ ከተሰፋ በኋላ ይሰበሰባል ብለው። ከዛው ጣቃ መጋረጃውንም አሰፋን፣ ዘንጉን ከመስኮቱ በላይ ሳይሆን ጣሪያው ስር ሰቀሉት፣ እመኑኝ ቤቱ ቁመት ጨመረ። የቡፌውን እጀታ ከምናለሽ ተራ ራሳቸው መርጠው ገዙልኝ፣ ደረሰኝ ባይኖርም ዋጋውን ወረቀት ላይ ጽፈው መልሱን እስከ ሳንቲሙ ሰጡኝ። ሶፋው ላይ የጣልኩት ቡልኮ የሽሮ ሜዳ ነው፣ መብራቱ ቀርከሃ፣ ግድግዳው ላይ ያለው የአክስቴ ሰፌድ። ሁሉም ተደምሮ ጫማዬን ያየችው ልጅ ለአንድ ሶፋ ከጠራችው ሩቡን አይሞላም። ባለቤቴም አሁን እንግዳ ሲመጣ ፎቶውን ከኔ ስልክ አውጥቶ የሚያሳየው እሱ ሆኗል።

እና እባካቹ፣ ብር አውጥታቹ ከመቃጠላቹ በፊት እኚህን ሰው አናግሩ። ደግሜ እላለሁ አናግሯቸው! ስልካቸውን ፈቃዳቸውን ስለጠየኩ በኢንቦክስ እሰጣለሁ፣ ኮመንት ላይ አልጽፍም። ስራ ላይ ስልክ አያነሱም፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ደውሉ። እሁድና በበዓል አይሰሩም። የኪችን ካቢኔት አልሰራም ብለዋል፣ አታስቸግሯቸው። ዋጋም ብዙ አትከራከሯቸው፣ መጀመሪያውኑ አይቆልሉም። ለፋሲካ ቤት ማሳመር ያሰባቹ ከአሁኑ ደውሉ፣ ሁዳዴ ከገባ በኋላ ወረፋቸው አይቻልም።