ለገና ጂንጀር ብሬድ የትኛው ሞላሰስ ይገዛ? ጎን ለጎን የሚቆሙ የሦስት ጠርሙሶች ግምገማ

ክሬም የተቀባ የጂንጀር ብሬድ (በዝንጅብልና በሞላሰስ የሚጋገር የቅመም ኬክ) ቁራጭ መራራ ሲሆን፣ ወይም ጣዕሙ ከተራ የስኳር ኬክ የማይለይ ሲሆን፣ መጀመሪያ የሚወቀሰው ዝንጅብሉ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የሞላሰሱ ነው። አሜሪካ ውስጥ የገና ሰሞን ሲደርስ በሱፐርማርኬቱ የስኳርና የዱቄት መደርደሪያ ላይ ሦስት ዓይነት ሞላሰስ ጎን ለጎን ይቆማል። ጠርሙሶቹ ይመሳሰላሉ፣ የፈሳሹም ቀለም በጠርሙስ ውስጥ ሲታይ ሁሉም ጥቁር ነው። ከኦቨን የሚወጣው ኬክ ግን ሦስት ዓይነት ነው።

ሞላሰስ የሸንኮራ አገዳ ጭማቂ ተፈልቶ ስኳሩ ከተለየ በኋላ የሚቀረው ወፍራም ፈሳሽ ነው። ከመጀመሪያው ፍላት የሚገኘው ቀላ ያለና ጣፋጭ ነው፤ በሁለተኛው ይጠቁራል፣ ጣፋጭነቱም ይቀንሳል። በሦስተኛው ፍላት የሚቀረው ብላክስትራፕ ይባላል፤ ስኳሩ አብዛኛው ወጥቶለት ማዕድኑና ምሬቱ ጎልቶ የቀረ ነው። እኛ አገር ሞላሰስ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው ከወንጂ፣ ከመተሐራና ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካዎች ወጥቶ ለከብት መኖና ለአልኮል የሚሄደው ነው። እሱ ለምግብ ተጣርቶ የተዘጋጀ ስላልሆነ ለኬክ መዋል የለበትም።

ለዚህ ኬክ የምንመርጠው ግራንድማስ ከሚባለው ምርት «ኦሪጅናል» የሚለውን ነው። ጣፋጭነቱ ከምሬቱ ስለሚያይል ዝንጅብልና ቀረፋው ከበስተጀርባው በግልጽ ይሰማሉ፤ ሲጋገር የተቃጠለ ስኳር የሚመስል ደስ የሚል ሽታ ይሰጣል። በተለመደው ባለ 12 አውንስ (355 ሚሊ ሊትር) ጠርሙስ ስድስት ትሪ ይጋገራል፤ አንድ ትሪ የሚፈልገው ሩብ ኩባያ፣ በሚዛን 85 ግራም ነው። ብረር ራቢት የሚባለው ምርት ደግሞ «ማይልድ» የሚል ጠርሙስ አለው፤ እሱም በዚሁ ተርታ የሚመደብ ስለሆነ የተገኘውን መግዛት ይቻላል። መለያው ላይ «አንሰልፈርድ» የሚል ቃል መኖሩን ማየት ግን ተገቢ ነው፤ የሰልፈር ጋዝ ያልተጨመረበት ማለት ነው። የተጨመረበት ሞላሰስ ኬኩ ላይ የክብሪት ዓይነት ሽታ ሊተው ይችላል።

ሁለተኛው፣ ግራንድማስ ሮበስት (በብረር ራቢት በኩል «ፉል ፍሌቨር»)፣ ጠቆር ያለና ጠንከር ያለ ነው። ቡና ያለ ስኳር የሚጠጡ ሰዎች ይህን ይወዱታል። ልጆች ለሚበሉት ትሪ ግን አንመክረውም። ከተገዛ፣ ቅርንፉዱን በግማሽ መቀነስ ያስፈልጋል፤ የሁለቱ ምሬት ሲደራረብ ምላስ ላይ ይከብዳል።

ብላክስትራፕ ብረት፣ ካልሲየምና ፖታሲየም ስላለው ብዙ ሰው «ለጤና ይሻላል» ብሎ ይገዛዋል። በማዕድን ይዘቱ እውነት ነው፤ ለዚህ ኬክ ግን የተሳሳተ ምርጫ ነው። ስኳሩ አነስተኛ ስለሆነ ኬኩ እርጥበት መያዝ ያቅተዋል፣ በማግስቱ ይደርቃል፣ ጣዕሙም ወደ ጨውና ወደ መራራ ያደላል። ቤት ውስጥ ያለው እሱ ብቻ ከሆነ 30 ግራም ብላክስትራፕ ከ55 ግራም ማር ጋር ቀላቅሎ መጠቀም ይቻላል። ከዚያ በላይ መጨመር አያዋጣም።

አሁን ወደ ኬኩ። ልኩ 23 በ33 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ትሪ ነው፣ 24 ቁራጭ ይወጣዋል። 280 ግራም የፉርኖ ዱቄት፣ ሦስት አራተኛ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 2 የሻይ ማንኪያ የዝንጅብል ዱቄት፣ አንድ ተኩል ቀረፋ፣ ሩብ ቅርንፉድና ሩብ ገውዝ አንድ ላይ ይነፋሉ። በሌላ ሳህን 170 ግራም የቀለጠ የገበታ ቅቤ፣ 200 ግራም ቡናማ ስኳርና 85 ግራም ሞላሰስ ይመታሉ። ቅቤው ጣት ሲነካው ለብ ያለ እንጂ የሚያቃጥል መሆን የለበትም፤ አለበለዚያ ቀጥሎ የሚገባው እንቁላል ይበስላል። ከዚያ አንድ ሙሉ እንቁላልና አንድ አስኳል ይጨመራል። ዱቄቱ ከገባ በኋላ በእንጨት ማንኪያ ነጭ ዱቄት እስኪጠፋ ድረስ ብቻ ይቀላቀላል። ብዙ ከተማሰለ እንደ ዳቦ ይጎተታል።

ሞላሰስ በኩባያ የሚለካ ከሆነ ኩባያው ውስጡ ዘይት ይቀባ፤ ያኔ እስከ ጠብታው ተንሸራቶ ይወርዳል። ካልተቀባ ከኩባያው ላይ ተጣብቆ የሚቀረው ቀላል አይደለም፣ ኬኩም ይገረጣል። ዱቄቱን ግን በሚዛን መለካት ይሻላል። ኩባያን ከረጢት ውስጥ አስገብቶ ጠቅጥቆ መሙላት 125 ግራም መሆን የነበረበትን ወደ 150 ያደርሰዋል። ለዚህ ኬክ በሚገባው ሁለት ኩባያ ከሩብ ዱቄት ላይ ይህ ከ50 ግራም በላይ ትርፍ ዱቄት ነው፤ «አዘገጃጀቱን ተከትዬ ደረቀብኝ» የሚባለው በብዛት የሚመጣው ከዚህ ነው።

ሶዳውን በቤኪንግ ፓውደር መተካት አይገባም። ሞላሰስ አሲድነት አለው፤ ሶዳው ከእሱ ጋር ተገናኝቶ ነው ጋዝ የሚፈጥረው፣ ጎምዛዛነቱን የሚሰብረው፣ ቀለሙንም የሚያጠቁረው። በፓውደር ብቻ የተጋገረ ጂንጀር ብሬድ ፈዘዝ ያለና ኮምጠጥ ያለ ይሆናል። ሶዳው ሲበዛ ደግሞ ሳሙና ሳሙና ይላል፣ መሐሉም ተነፍቶ መልሶ ይሰምጣል። የቆየ ሶዳ መሥራት አለመሥራቱ በኮምጣጤ ጠብታ ይታወቃል፤ ወዲያው ካልተንተከተከ መጣል ነው።

ኦቨኑ 175 ዲግሪ ሴልሺየስ (350 ፋራናይት) ይሙቅ፣ ትሪው ላይ የመጋገሪያ ወረቀት ዳርና ዳሩ ተርፎ እንዲንጠለጠል ተደርጎ ይነጠፍ፤ ሲወጣ እጀታ ይሆናል። ከ20 እስከ 24 ደቂቃ ይበቃል። ሊጡ ከመነሻውም ጥቁር ስለሆነ መብሰሉን በቀለም ማወቅ አይቻልም። ዳሩ ከትሪው መላቀቅ ሲጀምርና መሐል የተወጋው ስቴኪኒ ጥቂት እርጥብ ፍርፋሪ ይዞ ሲወጣ ማውጣት ነው። ስቴኪኒው ፍጹም ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ የጠበቀ ሰው አሳልፎታል፤ ትሪው ከወጣም በኋላ በራሱ ሙቀት መብሰሉን ይቀጥላል። የመስታወት ትሪ ወይም ጥቁር ትሪ ከሆነ ሙቀቱ በ15 ዲግሪ ይቀነስ፣ አለበለዚያ ዳሩ ከመሐሉ ቀድሞ ይጠነክራል።

ክሬሙ ላይ የሚበላሸው ነገር ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ይፈሳል። ምክንያቱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው ኬኩ ሳይቀዘቅዝ መቀባት ነው፤ ቢያንስ ሁለት ሰዓት መጠበቅ ያስፈልጋል፣ ትሪው ከሥር ሲነካ ሙቀት ሊኖረው አይገባም። ሁለተኛው ክሬሙ የሚሠራበትን ክሬም ቺዝ (ለስላሳ የሚቀባ አይብ) ብዙ መምታት ነው። ክሬም ቺዝ ውኃውን አቅፎ የያዘ ነገር ነው፤ ከስኳር ጋር ረጅም ጊዜ ሲመታ ውኃውን ይለቃል፣ አንዴ ከለቀቀ ደግሞ ስኳር ቢጨመርበትም በደንብ አይመለስም። ስለዚህ መጀመሪያ 115 ግራም ለስላሳ የገበታ ቅቤ ከ270 ግራም ፓውደር ስኳር ጋር እስኪነጣ ይመታ፤ ቀጥሎ ከፍሪጅ የወጣ 225 ግራም ክሬም ቺዝ በሦስት ተከፍሎ ይግባና በዝግተኛ ፍጥነት ልክ ሲዋሐድ ይቁም። አንድ የሻይ ማንኪያ ቫኒላ፣ ቁንጥጫ ጨውና የአንድ ሎሚ ልጣጭ ፍቅፋቂ ይበቃዋል። የሎሚው ልጣጭ ሊቀር የሚችል ማስጌጫ እንዳይመስል፤ የሞላሰሱን ክብደት የሚያቀለው እሱ ነው።

ክሬም ቺዙ በወረቀት የተጠቀለለው ጡብ መሳይ ይሁን። በፕላስቲክ ዕቃ የሚሸጠው ዳቦ ላይ እንዲቀባ ተብሎ ለስልሶ የተሠራ ስለሆነ ክሬሙን ያቀጥነዋል። አውሮፓ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ይኸው ለስላሳው ነው፤ እዚያ ያሉ ሰዎች በንጹሕ ጨርቅ ቋጥረው ውኃውን ቢያንጠፈጥፉት ይሻላል።

ለቅመሙ ከአገር ቤት የመጣ ደረቅ ዝንጅብል ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። ዝንጅብል ሲደርቅ ጂንጀሮል የሚባለው ንጥረ ነገሩ በከፊል ወደ ሾጋኦል ይለወጣል፤ ሾጋኦል ይበልጥ ያቃጥላል። ትኩስ ዝንጅብል ተፈግፍጎ ቢገባ ሽታው ጥሩ ነው፣ ያንን ጉሮሮ የሚያሞቅ ጣዕም ግን አይሰጥም። ሁለት ነገር ግን ልብ ይባል። የእኛ ዝንጅብል ቃጫ ስላለው በቀጭን ወንፊት መነፋት አለበት። ወፍጮ ቤት የተፈጨ ከሆነ ደግሞ ከፊቱ በርበሬ የተፈጨበት ወፍጮ እንዳይሆን፤ ትንሽ ቅሪት እንኳ ትሪውን በሙሉ ያበላሻል። በገውዝ ፋንታ ኮረሪማ ማግባት ይቻላል፣ እንዲያውም ከሞላሰስ ጋር በጣም ይስማማል። ከሩብ የሻይ ማንኪያ ግን አይለፍ፤ ሲበዛ እንደ ባሕር ዛፍ ይሸታል።

አዲስ አበባ ለሚጋግር ሰው ይኸው ልክ እንዳለ አይሠራም። ከተማዋ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ ውኃም 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ጋዙ ቶሎ ይለጠጣል፣ እርጥበቱ ቶሎ ይተናል፤ ኬኩ በፍጥነት ተነፍቶ ይወድቃል። ሶዳው ወደ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይውረድ፣ ከስኳሩ 25 ግራም ይቀነስ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ወተት ይጨመር፣ ኦቨኑም በ10 ዲግሪ ከፍ ይበል። ከ18ኛው ደቂቃ ጀምሮ መፈተሽ ነው።

ዲሴምበር 25 አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 16 ላይ ስለሚውል ጾመ ነቢያት ውስጥ ነው። መሥሪያ ቤት ወይም የልጆች ትምህርት ቤት ጂንጀር ብሬድ በሚቀርብበት ሳምንት ጿሚው እጁን አጣጥፎ እንዳይቀመጥ የጾም ትሪ መጋገር ይቻላል፤ ሞላሰስ ራሱ ከእንስሳት የሚገኝ ነገር የለበትም። በቅቤው ፋንታ 140 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ በእንቁላሉ ፋንታ 60 ግራም ስኳር ያልተጨመረበት የአፕል ሶስ (ተቀቅሎ የላመ ፖም) እና 3 የሾርባ ማንኪያ የአኩሪ አተር ወተት ይግባ። ሁለት ደቂቃ ይጨመርበት። ከላይ 200 ግራም ፓውደር ስኳር በሁለት ተኩል የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ በጥብጦ ማፍሰስ ነው፤ ሲደርቅ ስስ ቅርፊት ይሠራል። በዘይት ፋንታ ማርጋሪን የሚፈልግ ሰው መለያውን እስከ መጨረሻ ያንብብ፤ «የአትክልት» የሚባሉት አንዳንዶቹ ከወተት የሚገኝ ዌይ አለባቸው። እውነቱን ለመናገር፣ በማግስቱ የጾሙ ትሪ ከፍስኩ ይበልጥ ለስላሳ ነው፤ ዘይት እንደ ቅቤ ሲቀዘቅዝ አይረጋምና።

ሞላሰስ በማይገኝበት አገር ምትኩ ይለያያል። እስራኤል ያሉ ሲላን የሚባለውን የቴምር ሽሮፕ፣ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ያሉ ደግሞ የቴምር ድብስ (ይኸው ወፍራም ሽሮፕ) በተመሳሳይ ልክ ይጠቀሙ፣ ከስኳሩም 30 ግራም ይቀንሱ፤ ጣዕሙ ይለሰልሳል፣ ምሬቱ ይጠፋል። የሮማን ድብስ ግን ሌላ ነገር ነው። በእንግሊዝኛ መለያው ላይ እሱም «ሞላሰስ» ተብሎ ስለሚጻፍ ያሳስታል፤ ጎምዛዛ የወጥ ማጣፈጫ ነው። እንግሊዝ አገር ላይልስ ብላክ ትሪክል የሚባል ጥቁር የስኳር ሽሮፕ በቆርቆሮ ይሸጣል፤ ብቻውን ስለሚከብድ ግማሹን በጎልደን ሲረፕ (ወርቃማ ቀለም ባለው የስኳር ሽሮፕ) ማቅጠን ነው። ጀርመን ያሉ ደግሞ ከስኳር ድንች ሳይሆን ከስኳር ቀይ ሥር የሚሠራውን ጥቁር ሽሮፕ፣ ለምሳሌ ግራፍሻፍተር ጎልድዛፍትን፣ እንዳለ ይተኩ።

ኬኩ ከመቀባቱ በፊት ተጠቅልሎ አንድ ቀን ቢያድር ቅመሙ ይዋሐዳል፤ ለእንግዳ የሚሆነው በሁለተኛው ቀን ነው። ሳይቀባ ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ወር ይቆያል። ክሬም ቺዝ ከተቀባ በኋላ ግን ከፍሪጅ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ፣ ፍሪጅ ውስጥም በአራት ቀን ይለቅ። ሲቆረጥ ቢላው ሙቅ ውኃ ውስጥ ተነክሮ በየቁራጩ ይጠረግ። የሞላሰሱን ጠርሙስ አፍ ከመዝጋት በፊት በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ አይረሳ፤ ካልተጠረገ ክዳኑ ይጣበቅና ለሚቀጥለው ትሪ ሙቅ ውኃ ውስጥ ዘቅዝቆ ማቆየት ግድ ይሆናል።