ስለ ህንድ የሙስሊም መራጮች መዝገብ የገዛሁት የኦንላይን ኮርስ፣ ብሩ ይገባዋል?

አሜሪካ ያለችው እህቴ በካርዷ ከፍላልኝ ሰሞኑን አንድ የህንድ ታሪክ ኮርስ ጨረስኩ፣ 8 ቪዲዮ ነው። እንግሊዞች ለሙስሊሞች ለብቻ የሰጡትን የመራጭ መዝገብ ሂንዱ ፖለቲከኞች ለምን ተቃወሙት የሚል ነው። በጣም ወደድኩት፣ ግን ያናደደኝም ነገር አለ።

አስተማሪዋ መጀመሪያ ቦርዱ ላይ አንድ ሰፈር ነው የምትስለው፣ ሱቃቸው ግድግዳ የሚጋራ ሂንዱና ሙስሊም። ከዛ በእ.ኤ.አ. 1909ኙ ህግ ለሙስሊሞች በተመደበው ወንበር ሙስሊም ብቻ ይወዳደራል ሙስሊም ብቻ ይመርጣል ትልና በሁለቱ ሱቆች መሀል መስመር ታሰምራለች፣ በቃ እጩው የጎረቤቱን ድምፅ ለመለመን ምንም ምክንያት የለውም ማለት ነው። እኔ ታሪክ አስተምራለሁ፣ ይሄን ነገር እንዲህ ቁልጭ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው ግን አልነበረም።

ደስ ያለኝ ደግሞ ተቃዋሚውን ሁሉ አንድ ላይ አለመጨፍለቋ ነው። አገር ይከፍላል ብሎ የተቃወመ አለ፣ ወንበር እየቆጠረ የተቃወመም አለ፣ የሂንዱ ፖለቲከኛው ማላቪያ ደግሞ ከዛው ከ1909 ጀምሮ እስከ መጨረሻው አልተቀየረም። በኋላ ፓኪስታንን የመሰረተው ሙስሊሙ ጂና ራሱ መጀመሪያ ተቃዋሚ ነበር እኮ! ብዙም ሳይቆይ ግን በዛው ለሙስሊም በተመደበ ወንበር ምክር ቤት ገባ።

ያናደደኝ የ1916ቱ የላክናው ስምምነት ነው። የነፃነት ትግሉን የመራው ፓርቲ ኮንግረስ ሲቃወመው የኖረውን መዝገብ ከሙስሊም ሊግ ፓርቲ ጋር ሆኖ እንግሊዞችን በአንድ ድምፅ ራስን ማስተዳደር ለመጠየቅ ብሎ ተቀበለው፣ የኮንግረሱ መሪ ቲላክ ደገፈ ማላቪያ ተቃወመ፣ ነገሩ ሁሉ የተገለበጠው እዚህ ጋ ሆኖ ሳለ እሷ አምስት ደቂቃ ሳትሞላ አለፈችው፣ እንዴት?

ቤንጋል የሚባለው ክፍለ ሀገር ላይ ግን ክሳዋለች። የምክር ቤት ወንበር በየማህበረሰቡ ካከፋፈለው ከ1932ቱ የእንግሊዝ ውሳኔ በኋላ ከ250 ወንበር ለሙስሊም 119፣ ለሂንዱ 80፣ ለአውሮፓውያን 25። ቪዲዮውን አቁሜ ደብተሬ ላይ አሰላሁት፣ ሂንዱው ከህዝቡ 44 በመቶ አካባቢ ሆኖ የደረሰው 32 በመቶ ወንበር ነው፣ ከግማሽ በላይ የሆነው ሙስሊምም ግማሽ አልሞላለትም፣ እፍኝ የማይሞሉት ነጮች ግን ከአስር አንዱን ወሰዱ። ገጣሚው ታጎር ራሱ በ1936 ካልካታ ላይ የተቃውሞ ስብሰባ የመራው በዚህ ነው።

ድምፁ 3ኛው ቪዲዮ ላይ ይቆራረጣል፣ ዳውንሎድም አያደርግም ስለዚህ ዋይፋይ ከሌላችሁ ዳታ ይበላል። የላክናውን ክፍል አስረዝመው ቢሰሩት ግን ድጋሚ ከፍዬ አየዋለሁ።