ትልቅ ቱቦ ቶርኖ ላይ ለማሰር፦ ስቴዲ ሬስት፣ ሾጣጣ ሴንተር ወይስ የኮምፔንሳቶ ውታፍ?

«ዲያሜትሩ 150 ሚሊሜትር የሆነ ቱቦ አለኝ፣ ጫፉን በቶርኖ (ሥራውን እያዞረ በሚቆርጥ ማሽን) ስኳድራ፣ ማለትም ልክ 90 ዲግሪ፣ አድርጌ መቁረጥ ፈልጌ ነበር፤ ምን ልግዛ?» ጠያቂው ሲበዛ መልሴም እያጠረ መጣ፦ ለጊዜው ምንም አትግዛ።

ስቴዲ ሬስት፣ የሚዞረውን ቱቦ ከውጭ ዙሪያውን በጣቶች ደግፎ የሚይዘው ቀለበት፣ ከሦስቱ ውዱ ነው። ከሌላ ማሽን የወረደ በርካሽ አገኘሁ ብሎ የሚገዛ አለ። ቁመቱ ከራሱ ቶርኖ ጋር አልገጥም ሲለው ሥሩ የሚገባ ብረት ያሠራል፣ ርካሹም ውድ ይሆናል። ደግሞ ማሽንህ ማዞር የሚችለው ቱቦ ሁሉ በስቴዲው ውስጥ አያልፍም፤ ሳትከፍል ለካ። የብየዳ ስፌት ያለው ቱቦ ከሆነ ስፌቱ በዞረ ቁጥር ጣቶቹን ይመታል። ቱቦው ክብነቱን ካጣም ስቴዲው ጉድለቱን ይከተላል እንጂ አያርምም።

ለቱቦ የሚሆነው፣ ጫፉ ውስጥ ገብቶ አብሮ እየዞረ የሚደግፈው ትልቁ ሾጣጣ ሴንተር ዋጋው መሃል ላይ ነው፤ እኔን ያቃጠለኝም እሱ ነው። ርካሹን ኮፒ ገዛሁ። ዳያል ጌጅ (ትንሽ ውዝዋዜ የሚለካ መሣሪያ) ሳስጠጋበት ሾጣጣው ራሱ ይወዛወዛል። ፈትቼ ሳየው ውስጡ አንድ ተራ ኩሽኔታ ብቻ፤ ከፊት የሚመጣውን ግፊት የሚሸከም የለም። ኩሽኔታ ገዝቼ፣ ቤቱን አስፍቼ ስጨርስ ያወጣሁት ደህናውን ይገዛልኝ ነበር። ደህናውም ቢሆን በሴጌቶ ተጣሞ የተቆረጠ ጫፍ ላይ በትክክል አይቀመጥም። የቱቦውን የውስጥ ጠርዝ ስለሚይዝም ፊቱን እስከ ውስጥ ድረስ አያስቆርጥህም።

እኔ የምሠራው በውታፍ ነው። ከቁርጥራጭ ኮምፔንሳቶ ሁለት ክብ ታወጣለህ፣ እዚያው ቶርኖ ላይ በቱቦው ውስጥ ልክ ታስተካክላለህ፣ ሳትፈታው መሃሉን ለሴንተር ትበሳለህ። ለስፌቱ ጠርዙ ላይ በሞረድ ትንሽ ቦይ አውጣለት። አንዱ ውታፍ በቻኩ (ቱቦውን በመንጋጋ ይዞ በሚያዞረው ክፍል) በኩል ይገባል፤ ያለሱ ሦስቱ መንጋጋዎች ስስ ቱቦን ጨምቀው ሦስት ማዕዘን ያደርጉታል። ሌላውን ከጫፉ አሥር ሚሊሜትር ያህል ወደ ውስጥ አስገብተህ በተራ ሴንተር ትደግፈዋለህ። ቢላው የግድግዳውን ውፍረት በሙሉ አልፎ ይወጣል።

ቶርኖ ላይ የተቆረጠ ፊት ምንጊዜም ከማሽኑ ጋር ስኳድራ ነው፤ የሚያስቸግረው ቱቦው ራሱ ጠሞ መታሰሩ ነው። ከቻኩ 300 ሚሊሜትር ርቀት ላይ ቱቦው አንድ ዙር ሲዞር ጌጁ በጠቅላላው የአንድ ሚሊሜትር ልዩነት ካነበበ፣ የ150 ሚሊሜትር ቱቦ ፊት ሩብ ሚሊሜትር ያህል ተዛብቷል ማለት ነው። ውታፉ ልከኛ ከሆነ ይህን ያህል አይጠምም።

በቀስታ አዙር። መሃሉን ለሁለት የምትቆርጥ ከሆነ ቢላውን እስከ መጨረሻው አትንዳ፤ ሴንተሩ እየገፋ ስለሆነ ቱቦው ቢላው ላይ ይዘጋበታል። ስስ ሽፋን አስቀርተህ፣ ማሽኑን አጥፍተህ በሴጌቶ ጨርስ።

ስቴዲ መግዛት የሚያዋጣው የቱቦውን ጫፍ ከውስጥ ማስፋት ካለብህ ነው፤ እዚያ ውታፉ መንገድ ይዘጋል። ያኔም ቢሆን ለራስህ ማሽን ሞዴል የተሠራውን ግዛ።