ባለ 4፣ ባለ 6 ወይስ ባለ 8 ኦም? ከአምፓችሁ ጋር የሚስማማው ስፒከር

ስፒከር ልትገዙ ከመውጣታችሁ በፊት ቤት ያለውን አምፕ (ለስፒከሩ ኃይል የሚሰጠውን አምፕሊፋየር) አዙሩና ጀርባውን እዩ። ገመዱ ከሚታሰርበት አጠገብ «4–16 ኦም» ወይም «6–16 ኦም» የሚል ጽሑፍ ይኖራል። ኦም ስፒከሩ የኤሌክትሪክ ፍሰትን (ከረንትን) ምን ያህል እንደሚቃወም የሚለካበት ነው። የስፒከሩ ኦም ከትንሹ ቁጥር አይነስ እንጂ ቢበልጥ ግድ የለም። ገበያ ላይ ሁሉም የሚጠይቀው ግን ዋት ብቻ ነው።

ኦም ሲያንስ ስፒከሩ ብዙ ከረንት ይስባል። ድምፁን እኩል ብትከፍቱት እንኳ ባለ 4ቱ የባለ 8ቱን እጥፍ ይወስዳል። ጠንካራ አምፕ ይችለዋል፤ የሚያወጣው ዋትም ይጨምራል። ደካማው ይግላል፤ ሲብስበት ራሱን ያጠፋል።

ባለ 8 ኦሙ ጣጣ የለውም፤ ከማንኛውም የቤት አምፕ ጋር ለማለት ይቻላል ይሄዳል። አምፓችሁ አሮጌ ወይም ትንሽ ከሆነ ሌላ አትፈልጉ። ባለ 6ቱ መሃል ላይ ነው፤ የአምፑ ጀርባ ላይ ትንሹ ቁጥር 4 ወይም 6 ከሆነ ያለ ሐሳብ ግዙት። ባለ 4ቱን የምመክረው 4 ኦም እንደሚችል በግልጽ ለተጻፈበት አምፕ ብቻ ነው።

ሻጩ «ይሄኛው 90 ዲሲቤል፣ ያኛው 87 ነው፤ ይሄ ይጮኻል» ካላችሁ የሁለቱንም ኦም ጠይቁ። ይህ የድምፅ ጉልበት ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚለካው በ2.83 ቮልት ነው። ያ ቮልት በ8 ኦም ላይ 1 ዋት፣ በ4 ኦም ላይ ደግሞ 2 ዋት ነው። ባለ 90ው ባለ 4 ኦም ከሆነና ባለ 87ቱ ባለ 8 ከሆነ፣ የ3 ዲሲቤሉ ብልጫ የመጣው እጥፍ ዋት ስለበላ ነው። በአንድ ዋት ሲለኩ እኩል ናቸው።

ሁለት ጥንድ ለመግዛት ካሰባችሁ ደግሞ ከእኔ ተማሩ። ለበዓል ብዬ ሁለት ጥንድ ባለ 4 ኦም አስሬ ሁለቱንም ጥንድ አንድ ላይ የሚያጫውተውን «ኤ+ቢ» ተጫንኩት። በአብዛኛው አምፕ ላይ ሁለቱ ጥንድ በፓራለል (ጎን ለጎን) ስለሚገናኙ 4 እና 4 ተደምረው 8 አይሆኑም፤ 2 ይሆናሉ። እንግዳው ገና ሳይቀመጥ ቀዩ መብራት በራ፣ ድምፁም ጠፋ። አምፑ እስኪበርድ ድረስ የሰማነው የቡና ሙቀጫ ብቻ ነበር። ለሁለት ጥንድ ባለ 8 ግዙ።

ቲዩብ አምፕ (በትራንዚስተር ፈንታ በመስታወት ቲዩብ የሚሠራ) ያላችሁ ጉዳዩ ይለያል። ጀርባው ላይ 4፣ 8፣ አንዳንዴም 16 ኦም የሚሉ የተለያዩ መውጫዎች አሉት፤ ገመዱን ከስፒከሩ ኦም ጋር በሚገጥመው ላይ እሰሩ። ባለ 6 ስፒከርን በ4ም በ8ም ሞክሩና ጆሯችሁ የወደደውን ያዙ። ያለ ስፒከር ግን አታጫውቱት፤ የመውጫው ትራንስፎርመር ሊቃጠል ይችላል።

ያገለገለ ስፒከር ስትገዙ የኦሙ ጽሑፍ ተልጦ ካገኛችሁት ኦም የሚለካ ቴስተር ይዛችሁ ሂዱ። ባለ 8ቱ ወደ 6፣ ባለ 4ቱ ከ3 ትንሽ ከፍ ያለ ያሳያል። ተበላሽቷል ብላችሁ እንዳትመልሱት፤ ቴስተሩ የሚያነበው የስፒከሩን የውስጥ ሽቦ ሬዚስታንስ ብቻ ስለሆነ ነው።