ዓመቱን ሙሉ የተከታተልኩት የአካባቢ ፓርቲ ጋዜጣ፦ ለቨርጂኒያ ሐበሻ መራጭ ምን ያህል ይጠቅማል?

በሰሜን ቨርጂኒያ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን በምንኖርበት አካባቢ የሚንቀሳቀስ አንድ የፓርቲ ኮሚቴ በየሳምንቱ በኢሜይል የሚልከውን ጋዜጣ ከጃንዋሪ 2023 አንሥቶ እስከ ኖቬምበሩ ምርጫ ማግስት ድረስ አንድም እትም ሳያመልጠኝ አንብቤዋለሁ። ጋዜጣው ክፍያ የለውም፤ ስምንና የኢሜይል አድራሻን ማስመዝገብ ብቻ ይበቃል። የኮሚቴውንም ሆነ የፓርቲውን ስም ያልጠቀስኩት ሆን ብዬ ነው። ሁለቱም ታላላቅ ፓርቲዎች በየካውንቲውና በየከተማው እንዲህ ያለ ኮሚቴ አላቸው፤ እኔም የምመዝነው የፖለቲካ አቋሙን ሳይሆን ለመራጩ የሚሰጠውን አገልግሎት ነው። በአጭሩ ለመናገር፣ ይህ ጋዜጣ ስለ ምርጫ ብዙ የሚያውቁ ሰዎች በትጋት የሚያዘጋጁት ነው፤ ነገር ግን በአጠገባቸው ለሚኖረው፣ በአማርኛ ለሚያስበው መራጭ ሲጽፉ ማንን እያነጋገሩ እንደሆነ ገና በደንብ አላጤኑም።

የጋዜጣው ዋና ርእሰ ጉዳይ የመራጮች ተሳትፎ ነው። ቨርጂኒያ በየዓመቱ ምርጫ የሚካሄድባት ግዛት መሆኗን ከእኛ ወገን ብዙ ሰው አያውቅም፤ በሙሉ ቁጥር ዓመታት ለፌዴራል፣ በጎዶሎ ዓመታት ደግሞ ለግዛትና ለአካባቢ ሥልጣን ድምፅ ይሰጣል። ጋዜጣው ይህን በአንድ ሥዕላዊ ሰንጠረዥ ያሳየበትን እትም እስከ አሁን አልሰረዝኩትም። በ2020 ለፕሬዚዳንት ሲመረጥ ከ100 የተመዘገበ መራጭ 75 ያህሉ ድምፅ ሰጥቶ ነበር፤ በ2021 ገዥው ሲመረጥ ቁጥሩ ወደ 55 ወረደ፤ በ2019 ገዥ ሳይመረጥ የግዛቲቱ ምክር ቤት ሲመረጥ ደግሞ 42 ያህል ነበር። የልጆቻችንን ትምህርት ቤት ቦርድ፣ ካውንቲውን የሚያስተዳድረውን ቦርድ፣ የእስር ቤትና የፍርድ ቤት ጥበቃን የሚመራውን ሸሪፍ የምንመርጠው ብዙ ሰው ለመምረጥ በማይወጣባቸው በእነዚህ ጎዶሎ ዓመታት ነው። ጋዜጣው ይህን ሳይሰለች ደጋግሞ መጻፉን አመሰግናለሁ።

ከሁሉም በላይ ለወዳጆቼ ያነበብኩላቸው በ2017 የሆነውን የሚተርከው ገጽ ነው። በኒውፖርት ኒውስ ከተማ በ94ኛው የግዛቲቱ ተወካዮች ምክር ቤት ምርጫ ክልል ተወዳዳሪዎቹ ዴቪድ ያንሲ እና ሼሊ ሲሞንድስ ድምፁ ዳግም ከተቆጠረ በኋላ እኩል 11,608 ድምፅ አግኝተው ተገኙ። ሕጉ ዕጣ ይውጣ ስለሚል በጃንዋሪ 4፣ 2018 ሁለቱ ስሞች ከአንድ የሸክላ ጎድጓዳ ሳሕን ውስጥ ወጡና ያንሲ አሸነፉ፤ በዚያች ዕጣም የምክር ቤቱ አብላጫ ለያንሲ ፓርቲ 51 ለ49 ሆኖ ጸና። ከ23,000 በላይ ሰው ድምፅ በሰጠበት ክልል አንዲት እናት ከሥራ ስትወጣ ጎራ ብትል ኖሮ ዕጣው ባላስፈለገ ነበር። «የእኔ አንድ ድምፅ ምን ይለውጣል?» ለሚል ዘመድ ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁም።

ድክመቱ የሚጀምረው ከምክንያቱ አልፎ ወደ ቀንና ሰዓት ሲመጣ ነው። ከ2020 ወዲህ በቨርጂኒያ ማንም መራጭ ምክንያት ሳይጠየቅ ከምርጫው ቀን 45 ቀን ቀድሞ ጀምሮ በአካል ድምፅ መስጠት ይችላል። በ2023 ይህ በሴፕቴምበር 22 ተጀምሮ በኖቬምበር 4 ተዘጋ። ጋዜጣው ቀኖቹን ጽፏል፤ ነገር ግን ከገንዘብ መለገሻው ማስታወቂያ በታች፣ በደቃቅ ፊደል። በደለስ ኤርፖርት ሌሊት ለሚሠራ፣ ታክሲ ለሚነዳ፣ በአረጋውያን መንከባከቢያ ሁለት ፈረቃ ለምትውል ሰው ከሁሉም የሚበልጠው ዜና ይኸው ነበር። በተጨማሪም የምርጫው ቀን፣ ኖቬምበር 7፣ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 27፣ የመድኃኔ ዓለም ዓመታዊ በዓል ላይ ውሎ ነበር። ጣቢያዎቹ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ክፍት ቢሆኑም፣ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ስሞ ከዚያ ወደ ሥራ ለሚሮጥ ሰው ቀኑ ጠባብ ነው። ይህን ከኮሚቴው መጠበቅ ይከብዳል ይባል ይሆናል፤ ቢሆንም ከጉባኤያችን አንድ ሰው ጠይቀው ቢሆን ኖሮ «በዓሉ ሳይደርስ ቀድማችሁ ምረጡ» የምትል አንዲት መስመር ብዙ ሰው ታነሣሣ ነበር።

ስለ ምርጫ ክልሎች አከላለል የወጡት አራት ተከታታይ ጽሑፎች ግን ያለ ምንም ማቅማማት የማመሰግናቸው ናቸው። እኔ ራሴ በ2022 የምርጫ ክልሌ ቁጥር ለምን እንደተለወጠ ሳላውቅ ቆይቼ፣ ነገሩን የተረዳሁት ከእነዚህ ገጾች ነው። ከ2020 የሕዝብ ቆጠራ በፊት ክልሎቹን የሚያሠምሩት በእነዚያው ክልሎች የሚወዳደሩት የምክር ቤት አባላት ነበሩ። ጽሑፉ የድሮውን አሠራር ሲያስረዳ ሁለት መንገዶችን ይለያል፤ አንዱ የአንድን ወገን መራጮች በጥቂት ክልሎች አጭቆ ድምፃቸውን ማባከን ነው፤ ሌላው በብዙ ክልሎች በትኖ የትም አብላጫ እንዳይሆኑ ማድረግ ነው። በ2018 የፌዴራል ፍርድ ቤት በቨርጂኒያ 11 የተወካዮች ምክር ቤት ክልሎች ሕገ መንግሥቱን በሚጥስ ሁኔታ በዘር ላይ ተመሥርተው መሠመራቸውን መወሰኑንና የ2019 ምርጫ በፍርድ ቤት በተስተካከለ ካርታ መካሄዱንም በግልጽ ያስቀምጣል።

ቀጥሎ የመጣው ታሪክ ይበልጥ ትኩረት ይስባል። በኖቬምበር 2020 ከሦስት መራጭ ሁለቱ ያህሉ ደግፎት ሕገ መንግሥቱ ተሻሻለና ስምንት የምክር ቤት አባላትና ስምንት ተራ ዜጎች ያሉበት፣ 16 ሰዎችን የያዘ ኮሚሽን ተቋቋመ። ኮሚሽኑ ግን በፓርቲ መስመር እኩል ተከፍሎ መስማማት አቃተው። ሥራው ወደ ቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲዛወር ፍርድ ቤቱ በሁለቱ ፓርቲዎች ከቀረቡለት ዕጩዎች በርናርድ ግሮፍማን እና ሾን ትሬንዴ የተባሉ ሁለት ባለሙያዎችን መረጠ፤ እነርሱ በጋራ ያዘጋጁትን ካርታም በዲሴምበር 28፣ 2021 አጸደቀ። ባለሙያዎቹ ነባር ተመራጮች የት እንደሚኖሩ ስላላገናዘቡ ብዙ አንጋፋ ፖለቲከኞች በአንድ ክልል ተገናኝተው፣ አንዳንዶቹ ከ2023 ምርጫ በፊት ጡረታ ለመውጣት ወሰኑ። በ2020ው ቆጠራ መሠረት በ100ዎቹ የተወካዮች ምክር ቤት ክልሎች በእያንዳንዳቸው 86,000 ያህል፣ በ40ዎቹ የሴኔት ክልሎች ደግሞ በእያንዳንዳቸው 216,000 ያህል ሕዝብ ይኖር ነበር። በ2023 ሁሉም 140 መቀመጫዎች በአዲሱ ካርታ የተወዳደሩት ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር።

ጋዜጣው የድሮውን መስመር በቀይ፣ አዲሱን በአረንጓዴ አድርጎ ያተመው ካርታ እስከ መንገድ ስም ድረስ ጥርት ብሎ ይነበባል። ጣቴን በስልኬ ላይ እያንሸራተትኩ ስከተል፣ የምኖርበት ሕንፃና መንገድ ተሻግሬ እንጀራ የምገዛበት ሱቅ በተለያየ ክልል መሆናቸውን ያን ማታ አየሁ። በ2020 የወጣው የግዛቲቱ ሕግ ክልል ሲከለል በማኅበራዊ፣ በባህልና በኑሮ ጥቅም የተሳሰሩ ነዋሪዎችን አብሮ ማቆየትን ከመመዘኛዎቹ አንዱ ያደርገዋል። ስለዚህ በስካይላይን፣ በቤይሊስ ክሮስሮድስና በአሌክሳንድሪያ ምዕራባዊ ክፍል ተጠጋግተን የምንኖር ሰዎች ካርታው ሲረቀቅ አስተያየት የመስጠት ሙሉ መብት ነበረን። እኔ በ2021 ይህን የነገረኝ አልነበረም፤ ጋዜጣውም ያን ጊዜ ስለዚህ ጉዳይ በአማርኛ ምንም አላወጣም። ቀጣዩ የሕዝብ ቆጠራ በ2030 ነው፤ እነዚህ አራት ጽሑፎች ተተርጉመው በየማኅበሩና በየቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ቢቀመጡ እወዳለሁ።

አማርኛን ካነሣሁ ዘንድ፣ ቅሬታዬ የሚበረታው እዚህ ላይ ነው። ኮሚቴው በኦክቶበር «በአማርኛ» የሚል አንድ ገጽ ጨምሮ፣ በወረቀትም አትሞ በየሕንፃው በር ሥር አስቀምጦ ነበር። ትርጉሙን የሠራው ሰው ሳይሆን ማሽን መሆኑ ከመጀመሪያው መስመር ይታወቃል። በእንግሊዝኛ ፓርቲም ድግስም በአንድ ቃል ስለሚጠሩ የኮሚቴው ስም «የአካባቢው ድግስ» ሆኖ ወጥቷል፤ ለሥልጣን መወዳደርም «ለቢሮ መሮጥ» ተብሏል። ከእኔ በታች ባለው ፎቅ የሚኖሩ፣ ዜግነት አግኝተው ለመጀመሪያ ጊዜ ሊመርጡ የተዘጋጁ አንዲት እናት ወረቀቱን ይዘው መጥተው፣ «ልጄ፣ ድግሱ ለማን ነው? ምርጫውስ ቀረ ማለት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። መነጽራቸውን አድርገው፣ ከሥሩ በእርሳስ እያሠመሩ ሁለት ጊዜ አንብበውታል። ሰው እንዲህ በአክብሮት ለሚያነበው ወረቀት አንድ አማርኛ አዋቂ ለግማሽ ሰዓት ቢያየው ኖሮ ይህ ባልሆነ ነበር።

ቅሬታዬን የሚያከብደው ሌላም ነገር አለ። የፌዴራሉ የምርጫ መብት ሕግ የተተረጎመ ድምፅ መስጫ ወረቀት እንዲዘጋጅ የሚያስገድደው ለስፓኒሽ ተናጋሪዎች፣ ለእስያ እንዲሁም ለአሜሪካና ለአላስካ ነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች ብቻ ነው። ተናጋሪው ምንም ያህል ቢበዛ አማርኛ በዚያ አንቀጽ ውስጥ አይገባም። በዋሽንግተን ዲሲ በ2004 በወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛ የመንግሥት አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው፤ ድልድዩን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ሲገባ ግን ይህ ሕግ አይሠራም። ሆኖም በዚያው የፌዴራል ሕግ ከ1982 ጀምሮ ያለ ሌላ አንቀጽ፣ ማንበብ ወይም መጻፍ የማይችል መራጭ ራሱ የመረጠውን ሰው ይዞ ገብቶ እንዲረዳው ይፈቅዳል፤ የማይፈቀደው ረዳቱ አሠሪው፣ የአሠሪው ወኪል ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ተጠሪ ሲሆን ነው። ይህ ለእናቶቻችንና ለአባቶቻችን ትልቁ በር ነው፤ ጋዜጣው ግን በዓመቱ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በእንግሊዝኛው ገጽ ግርጌ ጠቅሶት አልፏል። እኚያን እናት ይዤ ቀድመን ልንመርጥ በሄድን ጊዜ የምርጫ አስፈጻሚዋ በትሕትና ቅጽ ሰጥታን፣ እርሳቸውም እኔም ፈርመን፣ እኔ አነበብኩላቸው፣ ክቡን ራሳቸው አጠቆሩት። ዕድሜያቸው ከ65 ስላለፈ ከመኪናቸው ሳይወርዱም መምረጥ ይችሉ እንደነበር የነገረችን እርሷው ናት።

የበጎ ፈቃድ ገጹ ስልክ ቁጥርና የሥራ ፈረቃ ይጠይቃል፤ ስለ ሥራው ግን ብዙም አያስረዳም። አንድ ቅዳሜ ቤት ለቤት የወጣሁት ማን እንደሚያሠለጥነኝ ሳላውቅ ነበር። የተሰጠን ዝርዝር በቤተሰብ ስም የተደረደረ ስለሆነ፣ ባል በአባቱ፣ ሚስት በአባቷ፣ ልጆች በአባታቸው ስም የሚጠሩበት አንድ የሐበሻ ቤት በዝርዝሩ ሦስት የማይዛመዱ ሰዎች የተጋሩት ክፍል መስሎ ይታያል፤ አብሮኝ የወጣው ወጣትም እንደዚያው ገምቶ ነበር። በሩን የከፈቱልንን ሰው በሞቱት አባታቸው ስም «ሚስተር» ብሎ ሲጠራቸው ፊታቸው መለወጡን አይቻለሁ። ይህን በገጹ ላይ በሁለት መስመር መጻፍ ይቻላል።

እዚያው መጻፍ የነበረበት ሌላ ጉዳይም አለ። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ያለ ክፍያ በቅስቀሳ ሊያግዝ ይችላል፤ በመራጭነት መመዝገብ ግን በፍጹም የለበትም፤ በስሕተት እንኳ ቢሆን በኋላ የዜግነት ማመልከቻውን ክፉኛ ሊጎዳበት ይችላል። በምርጫ አስፈጻሚነት ለማገልገልም በቨርጂኒያ የተመዘገበ መራጭ መሆን ያስፈልጋል፤ ይህ ሥራ የሚከፈልበትና አማርኛ ተናጋሪ በእጅጉ የሚፈለግበት ነው። ጋዜጣው ስለዚህ ያወጣውን አንድ አጭር ማስታወቂያ አይታ የአክስቴ ልጅ ተመዝግባለች።

ለጋዜጣው ከአምስት ኮከብ ሦስት እሰጠዋለሁ፤ ሁለቱን ያስገኙለት የክልል አከላለሉ ጽሑፎች ብቻ ናቸው። ከምርጫው በኋላ ይህንኑ ሁሉ ጽፌ ለአዘጋጆቹ ልኬ ነበር። በሁለተኛው ቀን መልስ ሰጡኝና ለማርች 5፣ 2024 የፕሬዚዳንት ዕጩዎች ማጣሪያ የሚወጣውን የአማርኛ ገጽ ከመታተሙ በፊት እንዳየው ጠየቁኝ። ረቂቁንም አይቼ መልሼላቸዋለሁ። «ድግስ» የሚለው ወጥቷል፤ ረዳት ይዞ የመግባት መብት የመጀመሪያው መስመር ሆኗል፤ ቀድሞ መምረጥ የሚጀመርበት ጃንዋሪ 19 ደግሞ የከተራ ዕለት ስለነበረ፣ ታቦት ለማጀብ የሚወጣ ሰው ማለዳ መርጦ መሄድ እንደሚችል ጨምሬበታለሁ።