ጨረታ ተሸንፎ ለጂኤኦ አቤት ማለት፦ አገልግሎቱ ምን ያህል ይረዳል?

በዋሽንግተን፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የጽዳት፣ የትራንስፖርት ወይም የኮምፒውተር አገልግሎት ድርጅት ከፍተው ለፌዴራል መሥሪያ ቤቶች የሚጫረቱ ወገኖቻችን ጥቂት አይደሉም። ጨረታው ያላግባብ ለሌላ ተሰጠ ብለው ሲያምኑ አቤት የሚሉበት ዋናው ቦታ የአሜሪካ የመንግሥት ተጠያቂነት ጽሕፈት ቤት፣ በአጭሩ ጂኤኦ ነው። ተጠሪነቱ ለኮንግረስ ስለሆነ ጨረታውን ያወጣው መሥሪያ ቤት አያዘውም። አቤቱታው በኢንተርኔት ይገባል፣ ክፍያው በመቶዎች ዶላር የሚቆጠር ነው፣ ውሳኔውም በ100 ቀን ውስጥ ይሰጣል። ለዚህ ዋጋ ይህን ያህል ሥራ የሚሠራ ሌላ መንገድ የለም። ቀን ላሳለፈ ሰው ግን ርኅራኄ የለውም፤ ብዙ አነስተኛ ድርጅት የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው።

አቤቱታ የሚቀርበው የቅሬታው ምክንያት ከታወቀበት ወይም ሊታወቅ ከሚገባበት ቀን ጀምሮ በ10 ቀን ውስጥ ነው። ቅዳሜና እሑድም ይቆጠራሉ፤ የመጨረሻው ቀን በእነርሱ ወይም በፌዴራል በዓል ላይ ከዋለ ብቻ ወደ ቀጣዩ የሥራ ቀን ይሸጋገራል። በዋሽንግተን ሰዓት ከቀኑ 11፡30 (5:30 p.m.) በኋላ የገባ ሰነድ በማግስቱ እንደገባ ይቆጠራል። ቅሬታው በራሱ በጨረታ ሰነዱ ላይ ከሆነ፣ ለምሳሌ መስፈርቱ አንድን ድርጅት ብቻ አስቦ የተጻፈ ከመሰለ፣ አቤት መባል ያለበት ጨረታው ከመዘጋቱ በፊት ነው። ተወዳድሮ ከተሸነፉ በኋላ ያንን ማንሳት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ከ10 ቀኑ የሚበልጠው ግን እግዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የውድድር ሕግ አቤቱታ በጊዜው ሲቀርብ የውሉ አፈጻጸም ወዲያው እንዲቆም ያዛል። አሸናፊው ሥራውን ጀምሮ ወራት ከቆጠረ በኋላ ትክክል ነበርክ መባል ብዙም ስለማይጠቅም፣ የአገልግሎቱ እውነተኛ ዋጋ ያለው እዚህ ነው። እግዱን ለማግኘት መሥሪያ ቤቱ ውሉ በተሰጠ በ10 ቀን ውስጥ፣ ወይም የውጤት ማብራሪያ (ተሸናፊው ለምን እንደተሸነፈ የሚነገርበት) ሊሰጥ ከተቀጠረበት ቀን በኋላ በ5 ቀን ውስጥ፣ ከሁለቱ የዘገየው ተወስዶ፣ ከጂኤኦ ማስታወቂያ ሊደርሰው ይገባል። ቁልፉ ቃል «ሊደርሰው» የሚለው ነው። ጂኤኦ ለማሳወቅ አንድ ቀን አለው፤ ስለዚህ በአምስተኛው ቀን ያስገባ ሰው አቤቱታው ቢሰማለትም እግዱን ሊያጣ ይችላል። በአራተኛው ቀን ያስገቡ።

ማብራሪያውም ቢሆን በጽሑፍ የሚጠየቀው የመሸነፉ ማስታወቂያ በደረሰ በ3 ቀን ውስጥ ነው። ደግሞ ማብራሪያ የሚባል ሁሉ ቀን አያራዝምም። በጂኤስኤ (የፌዴራል አጠቃላይ አገልግሎቶች አስተዳደር) የዋጋ መርሐ ግብር፣ ማለትም ዋጋቸው አስቀድሞ ስምምነት በተደረሰበት የአቅራቢዎች ዝርዝር በኩል በተፈጸመ ግዥ የሚሰጠው አጭር መግለጫ ሕጉ የሚያስገድደው ማብራሪያ ስላልሆነ፣ ቆጠራው ከማስታወቂያው ቀን ይጀምራል።

በአገር ቤት የግዥ ሥርዓት ያደገ ተጫራች አንድ ልማድ እዚህ ይጎዳዋል። በአዋጅ ቁጥር 649/2001 ቅሬታ በቅድሚያ የሚቀርበው ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ነበር፤ ቅሬታ ወደሚያየው ቦርድ የሚኬደው ከዚያ በኋላ ነበር። አሜሪካም ለራሱ ለመሥሪያ ቤቱ ማመልከት ይፈቀዳል፣ ወጪውም ያነሰ ነው፤ ነገር ግን መልሱ እስኪመጣ የጂኤኦ እግድ ቀን ያልፋል። አሸናፊው «አነስተኛ ድርጅት አይደለም» የሚል ክርክር ደግሞ የጂኤኦ ጉዳይ አይደለም። በ5 የሥራ ቀን ውስጥ ለግዥ ኃላፊው ይቀርብና በአነስተኛ ንግዶች አስተዳደር ይታያል።

ምን ዓይነት ክርክር ውሃ ያነሳል? ሁለት የታወቁ ጉዳዮች ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ2008 ቦይንግ በ35 ቢሊዮን ዶላሩ የአየር ኃይል ነዳጅ ጫኝ አውሮፕላን ጨረታ ተሸንፎ ሲከራከር ጂኤኦ ፈረደለት። አየር ኃይሉ በሰነዱ ላይ ተጨማሪ ነጥብ አይሰጥበትም ብሎ ለጻፈው ነገር ለተፎካካሪው ነጥብ ሰጥቶ ተገኝቷል። በ2021 ብሉ ኦሪጅን ናሳ ለጨረቃ ማረፊያ መንኮራኩር ስፔስኤክስን ብቻ መምረጡን ሲቃወም ግን ውድቅ ሆነበት። ሰነዱ ለአንድ፣ ለብዙ ወይም ለማንም ላለመስጠት መብት እንደተጠበቀ ይናገር ነበር። «እኛ እንሻላለን» የሚል አቤቱታ ገንዘብ ማባከን ነው። «በሰነዱ ገጽ እዚህ ላይ እንዲህ ብለው ጽፈው ሲገመግሙ ግን እንዲያ አደረጉ» የሚለው ይሰማል። ስህተቱ ባይፈጸም ውሉን የማግኘት ዕድል እንደነበረም ማሳየት ያስፈልጋል፤ በደረጃ አራተኛ የወጣ ድርጅት ከፊቱ ያሉትንም ካልነቀፈ የመከራከር መብቱን ያጣል።

በ2024 በጀት ዓመት 1,803 ጉዳዮች ቀርበው፣ ውሳኔ ካገኙት ውስጥ ለአመልካች የተፈረደው 16 በመቶ ነበር። ቁጥሩ ተስፋ ያስቆርጣል፣ ግን ብቻውን ያሳስታል። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ውሳኔ ሳይጠብቁ ስህተታቸውን ለማረም ይስማማሉ፤ እነዚህ ሲጨመሩ አንድ ዓይነት መፍትሔ ያገኙት 52 በመቶ ደርሰዋል።

ድርጅት ያለ ጠበቃ ማመልከት ይችላል፤ እኛ አንመክርም። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ የሚያቀርበውን ሙሉ ሪፖርት፣ የአሸናፊውን ሰነድ ጨምሮ፣ ማየት የሚችለው በምስጢር ጥበቃ ትእዛዝ ሥር የተፈቀደለት ጠበቃ ነው። ባለቤቱ ጥቁር የተቀባ ገጽ ይደርሰዋል። ጠንካራው ምክንያት ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከዚያ ሪፖርት ውስጥ ነው፤ አዲስ ምክንያት ከተገኘም ሪፖርቱ በደረሰ በ10 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት። በሪፖርቱ ላይ አስተያየት ለማስገባት የተሰጠ የጊዜ ማራዘሚያ ይህን ቀን አያራዝምም። ብዙ ጥሩ ክርክር እዚህ ላይ ሞቷል።

የጠበቃ ወጪው በሺዎች ይቆጠራል። አቤቱታው ከተፈረደለት ጂኤኦ ወጪው እንዲተካ ሊመክር ይችላል፣ ለሌሎች የተጣለው የ150 ዶላር የሰዓት ጣሪያም አነስተኛ ድርጅትን አይመለከትም። የሰዓትና የክፍያ ዝርዝሩ ግን ምክረ ሐሳቡ በደረሰ በ60 ቀን ውስጥ ለመሥሪያ ቤቱ ካልገባ ገንዘቡ ይቀራል።